መልስ ያልሰጠ ቢሮ እንደ ፈቀደ ይቆጠር

በችግር ጊዜ መንግሥት ነጋዴውን እንዴት ይርዳው ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ገንዘብ ነው፤ ድጎማ፣ ብድር ወይም የግብር እፎይታ። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በእንግሊዝ አገር የታየው ግን ከካዝና ብዙ ሳይወጣ የሚሰጥ ሌላ እርዳታ መኖሩን ያስረዳል። ይኸውም የነጋዴው የፈቃድ ጥያቄ በተቆረጠ ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

በአገሪቱ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ የታዘዘው እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 ነበር። እርግጥ ገንዘቡም አልቀረም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ለአነስተኛ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች እንደ ንግድ ቤቱ የኪራይ ግምት 10,000 ወይም 25,000 ፓውንድ አከፋፍለዋል። በንግድ ቤቶች ላይ የሚጣለው የአካባቢ ግብርም ለእነዚህ ዘርፎች ለ2020/21 የበጀት ዓመት ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል። ነገር ግን ድጎማ ተከፍሎ ያልቃል፤ ኪራይና መብራት በየወሩ ይመጣል።

ጁላይ 4 ቀን በሩ ሲከፈት ደግሞ ደንበኞች ተራርቀው መቀመጥ ነበረባቸው። ወጪው ሳይቀንስ ወንበሩ ቀነሰ ማለት ነው። መፍትሔው ጠረጴዛ አውጥቶ በእግረኛ መንገድ ላይ ማስተናገድ ቢሆንም፣ በ1980 የወጣው የመንገድ አዋጅ ለሕዝብ አስተያየት ብቻ ቢያንስ 28 ቀን ይጠይቅ ነበር። 28 ቀን ለቢሮ ብዙ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ ለተዘጋ ቤት ግን ከሞቃቱ ወራት ገበያ ሲሶው ነው።

ጁላይ 22 ቀን 2020 የጸደቀው የንግድና የፕላን አዋጅ ይህን አሠራር ለወጠው። የማመልከቻ ክፍያው ከ100 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አመልካቹ ማስታወቂያ በንግድ ቤቱ ላይ ይለጥፋል፤ ሕዝቡ በ7 ቀን አስተያየቱን ይሰጣል፤ ምክር ቤቱ በሚቀጥሉት 7 ቀናት ይወስናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልወሰነ ፈቃዱ እንደተሰጠ ይቆጠራል።

የአዋጁ ፍሬ ነገር ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። በተለመደው አሠራር ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ቢያድር ሠራተኛው ከደመወዙ አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም፤ ነጋዴው ግን ቀን በቀን ይከስራል። የመዘግየት ዋጋ የሚከፍለው ማዘግየትም ሆነ ማፋጠን የማይችለው ወገን ነው። አዋጁ ይህን ሸክም አዙሮ በቢሮው ላይ ጫነው፤ መከልከል የሚፈልግ ቢሮ በጊዜው ይከልክል፣ ምክንያቱንም ይናገር ማለቱ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከኤፕሪል 12 እስከ ሜይ 17 ቀን 2021 ባሉት አምስት ሳምንታት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ማስተናገድ የተፈቀደው ከቤት ውጭ ብቻ ነበር። ግቢ የሌለው ቤት የመንገድ ፈቃዱን ከያዘ ይሠራል፤ ካልያዘ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

በአንጻሩ የመጠጥ ፈቃድ ዓመታዊ ክፍያ እንደነበረ ቀጠለ። በ2003 በወጣው የፈቃድ አዋጅ መሠረት ክፍያው እንደ ቤቱ የኪራይ ግምት ከ70 እስከ 350 ፓውንድ ነው፤ ካልተከፈለም ምክር ቤቱ ፈቃዱን ማገድ አለበት። በመንግሥት ትእዛዝ የተዘጋን ቤት የመሥሪያ ፈቃድ ክፍያ መጠየቅ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ፍትሕ አይደለም።

የተቃዋሚዎችም ክርክር ቀላል አይደለም። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው። ማየት ለተሳነውና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው አንድ የተገተረ ጠረጴዛ አጥር ነው። በለንደኗ ሶሆ የሚኖሩ ሰዎችም በሌሊቱ ጫጫታ አማረዋል። የመንግሥት መመሪያ 1.5 ሜትር ያህል ክፍት ማለፊያ እንዲተው ቢያሳስብም፣ መስኮት ላይ የተለጠፈን ወረቀት ማንበብ ለማይችል ሰው 7 ቀን አጭር ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ መድኃኒቱ ቅድመ ሁኔታና ቁጥጥር ነው እንጂ ማመልከቻን ማንከባለል አይደለም።

ለወረርሽኙ ሲባል የመጣው ሕግ በየዓመቱ ሲራዘም ቆይቶ ከማርች 31 ቀን 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ለአስተያየትም ለውሳኔም የሚሰጠው ጊዜ ወደ 14፣ 14 ቀን ከፍ ብሏል፤ ይህ ለእግረኛው ተገቢ ነው። ምክር ቤቱ ያለፈቃድ የወጣን ጠረጴዛ ማንሣት እንዲችልም ሥልጣን አግኝቷል። የክፍያው ጣሪያ ግን ለአዲስ ፈቃድ 500፣ ለእድሳት 350 ፓውንድ ደርሷል። ምክር ቤቶች ጣሪያውን መነሻ ካደረጉት ሁለት ጠረጴዛ ያላት ቡና ቤት ትጎዳለች። ደግነቱ በቀነ ገደቡ ያልተመለሰ ማመልከቻ እንደተፈቀደ የሚቆጠርበት አንቀጽ አልተነካም።

«ነገ ተመለስ» መባልን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ነጋዴም ነገሩ ባዕድ አይደለም። ሁሉም ፈቃድ በዝምታ ይሰጥ ማለት አይቻልም፤ መድኃኒት፣ ምግብ ማምረቻና የሕንፃ ደኅንነት ምርመራ ይፈልጋሉ። ለአነስተኛና አደጋው ቀላል ለሆነ ሥራ ግን ቀነ ገደብ ማስቀመጥ፣ ቀኑ ሲያልፍም ቢሮው እንደ ፈቀደ መቁጠር ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ሌላ ወረርሽኝ መጠበቅ አያስፈልግም።