ሽቦ መንቀል ጥገና አይደለም

በአርሲና በባሌ ስንዴ ሲደርስ አሮጌ ኮምባይነር ፋታ የለውም። በዚህ ጥድፊያ መካከል የዘይት ግፊት መብራት ሲበራ «ሴንሰሩ ነው፤ ሽቦውን ንቀለው» ማለት ይቀናል። እኛ ግን ከሚዋሽ መብራት ይልቅ አፉን የተዘጋ መብራት ይከፋል እንላለን።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ መብራት አለበት፤ እምቢ ካለ አምፖሉ፣ ፊውዙና ሽቦው ይታዩ። ሞተሩ ተነሥቶም ካልጠፋ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተን ዘይቱን እንለካ። ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍተን ሽቦውን ከሴንሰሩ እናላቅ። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች መብራቱ ያን ጊዜ ካልጠፋ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ከጠፋ ግን ጥርጣሬው በሴንሰሩና በግፊቱ በራሱ ላይ ነው፤ ግፊቱ በመለኪያ ሳይረጋገጥ ሴንሰሩን መወንጀል አይገባም። የዘንግ ፍጥነት ሴንሰርም ቢሆን ገለባና አቧራ ሲሸፍነው ይሳሳታል፤ ከመለወጥ በፊት ይጠረግ።

በመከር መካከል ሞተር ቢቃጠል መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ስንዴውም እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እርሻና ምሕንድስና የምንማር ሁሉ፣ ከዲግሪው ጋር መርምሮ የመፍረድን ልማድ ይዘን እንመለስ።