የግንባታ መወጣጫ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ለክብረ በዓል ከተሰበሰቡት ምእመናን መካከል ከ30 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል። የዚያን አደጋ መንስኤ መወሰን የመርማሪዎች ሥራ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ግን ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን በብረት አልተሠራም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናውን ጉዳይ ይስታል። መወጣጫው ከምን ተሠራ ከሚለው ይልቅ ማን ነደፈው፣ ማን ፈተሸው፣ ወጪውስ ከየትኛው ሂሳብ ተከፈለ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው የሠራተኛውን ዕጣ የሚወስኑት።

መወጣጫዎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። ባለ አንድ ረድፍ መወጣጫ አግዳሚዎቹን በአንድ ወገን በቋሚ እንጨቶች ላይ፣ በሌላው ወገን በሚገነባው ግንብ ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ ደኅንነቱ ገና በደንብ ባልጠነከረ ግንብ ላይ ጭምር የተመሠረተ ነው። ባለ ሁለት ረድፍ መወጣጫ ክብደቱን በራሱ ቋሚዎች የሚሸከም ሲሆን ከሕንፃው ጋር የሚታሰረው እንዳያዘነብልና እንዳይወዛወዝ ነው። ከጣሪያ በገመድ የሚንጠለጠለውና በጎማ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ለቀለም ቅብ፣ ለመስታወት ጽዳትና ለጥገና ይመረጣሉ። በስፋት የተለመደው የብረት መወጣጫ ውጫዊ ዲያሜትራቸው 48.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦዎችን በማያያዣ በማገጣጠም ይሠራል። የአንዱ አደጋ መነሻ የግንቡ ድክመት፣ የሌላው የማሰሪያው መጉደል፣ የሦስተኛው የገመዱ ማርጀት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ዓይነት የጥንቃቄ ማሳሰቢያ ለሁሉም አይበቃም።

በኢትዮጵያ የብዙ ሕንፃዎች መወጣጫ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አናጢው ጠባዩን ያውቀዋል፤ አነስተኛ ተቋራጭም አቅሙ ይፈቅድለታል። እነዚህ ጥቅሞች በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ አጣና ከሥሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ የሁለት አጣናዎች አቅም እኩል አይሆንም። በእርጥቡ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚዞር አጣና ደግሞ የቀድሞ የምስማር ቀዳዳዎችንና ስንጥቆችን ይዞ ይዞራል። በክረምት መሬቱ ሲለሰልስ ከሥሩ ጣውላ ያልተነጠፈለት ቋሚ ይሰምጣል።

ከሁሉ የሚከፋው በዓይን የማይታየው የመጉበጥ አደጋ ነው። የመዋቅር ምሕንድስና ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀጭን ቋሚ ድጋፍ የሌለው ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ባሬላ ለማሳለፍ ሲባል አንድ ማሰሪያ የነቀለ ሠራተኛ አንድ እንጨት ብቻ ያነሳ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያነሳው ግን የቋሚውን አብዛኛውን አቅም ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚነግረው ሰው በቦታው ከሌለ ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም።

ያ ሰው በቦታው የማይገኝበት ምክንያት ከውሉ ይጀምራል። በተለመደው የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ የመወጣጫ ወጪ በግንብ፣ በልስንና በቀለም ነጠላ ዋጋ ውስጥ ተካቶ ይታሰባል። ራሱን የቻለ መደብ ስለሌለው በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ለማቅረብ የሚሻ ተቋራጭ በቀላሉ የሚቀንሰው ወጪ ይኸው ይሆናል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የአርማታውን ጥንካሬ በናሙና ያስፈትናል፣ የብረቱን ብዛት ይቆጥራል፤ ሠራተኞቹ የቆሙበት ርብራብ ግን ንድፍም የክፍያ ሰነድም ስለሌለው ከቁጥጥር ያመልጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሆኖም በጥቅሉ የተደነገገ ግዴታ በውል ሰነድ ውስጥ ዋጋና ፊርማ ካላገኘ በሥራ ቦታ ኃይል አይኖረውም።

የተፈጥሮ እንጨት በራሱ ከሥርዓት ጋር እንደማይጣላ የሆንግ ኮንግ ልምድ ያስረዳል። በዚያች ከተማ ረጃጅም ሕንፃዎች ለብዙ ዘመን በቀርከሃ መወጣጫ ተሠርተዋል። ይሁንና ሥራው ለሠለጠነ ሰው የተተወ ሲሆን፣ ማንኛውም መወጣጫ ከአገልግሎት በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ብቁ በሆነ ሰው ተፈትሾ የጽሑፍ ሪፖርት ሊቀርብለት ግድ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ በመንግሥት ሥራዎች ወደ ብረት ማዘንበሏ ቀርከሃም ድክመት እንዳለው ያሳያል። የፍተሻው ግዴታ ግን ለቀርከሃውም ለብረቱም ያው ነው።

«ይህ ሁሉ ግንባታን ያስወድዳል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ የታወቀ ነው። እውነት አለው፤ ነገር ግን ወጪው ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን የቀን ሠራተኛው በአካሉ፣ ቤተሰቡም በጉሮሮው ነው። ወጪውን ወደ ሰነድ ማምጣት አዲስ ዕዳ መፍጠር ሳይሆን ዕዳውን ወደ ትክክለኛ ባለቤቱ መመለስ ነው።

ስለዚህ ሦስት እርምጃዎች ሊወሰዱ ይገባል። አንደኛ፣ መወጣጫ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ የክፍያ መደብ ይሁን፤ ተወዳዳሪዎችም በዚህ መደብ ላይ ዋጋ በመቀነስ አይፎካከሩ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ፎቅ በላይ የሚቆም መወጣጫ ሁሉ ንድፍና ፈራሚ መሐንዲስ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱና ከከባድ ዝናብ በኋላ ተፈትሾ፣ የፈታሹ ስምና ቀኑ በመወጣጫው ላይ ይለጠፍ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችም የአጣና መገጣጠሚያዎችን በተለያየ የእርጥበት መጠንና የአገልግሎት ድግግሞሽ በመፈተን ለንድፉ የሚሆን አገራዊ መረጃ ሊያዘጋጁ ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የአርማታና የእንጨት ናሙና ከሚፈተንበት የተለየ አይደለም።

መወጣጫ ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ስለዚህም ጊዜያዊ ይባላል። በላዩ የሚቆመው ሰው ሕይወት ግን ጊዜያዊ ተብሎ ከሂሳብ ሊወጣ አይገባም።