«0 ዓመት» ፍለጋ

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ አዲስ ምሩቅ መጀመሪያ የሚያየው ደመወዙን አይደለም፤ «የሥራ ልምድ» የሚለውን ነው። «0 ዓመት» የሚል ካገኘ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። አምስት ዓመት ምሕንድስና ተምሮ የሚፈልገው ያቺን ዜሮ ነው።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት ከመቶ 70ውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ መንገዱ፣ ግድቡ፣ ኮንዶሚኒየሙ ባለሙያ ይሻ ነበር። ግንባታውም ብዙ ሰው ቀጥሯል። ነገር ግን ግንባታ በበጀትና በውጭ ምንዛሪ የሚተነፍስ ዘርፍ ነው። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ሳይቱ ይቀዘቅዛል፤ ሳይቱ ሲቀዘቅዝ አስቀድሞ በሩ የሚዘጋው በጀማሪው ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን በየዓመቱ ጋዋን ማልበሱን አያቆምም። የመካኒካልና የኬሚካል ምሩቃንማ የሚጠብቁት ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ እንደ መማሪያ ክፍሉ በፍጥነት አልተባዛም።

በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት ዘርፎች የተዘረጋው የመውጫ ፈተና የምሩቁን ዕውቀት ይመዝን ይሆናል፤ የሥራ ቦታ ግን አይከፍትም። እኛ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ሁሉ ውል ሲፈረም ሥራ ተቋራጩ ጀማሪ መሐንዲሶችን በደመወዝ እንዲቀጥር ይገደድ። የተማሪዎች የመስክ ልምምድም ማኅተም የተመታበት ወረቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በአግባቡ ይመራ፤ ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶችም እንደ ሥራ ልምድ ይቁጠሩት። ይህን ለመጀመር አዲስ ፋብሪካ እስኪተከል መጠበቅ አያስፈልግም።