ካፑርጋናን ሰው ያልደረሰባት ገነት የሚሏት

በኮሎምቢያና በፓናማ ድንበር፣ የካሪቢያን ባሕርና የዳሪየን ጫካ በሚገናኙበት ጠረፍ፣ ካፑርጋና የምትባል መንደር አለች። የመኪና መንገድ አይገባባትም። አብዛኛው መንገደኛ የሚደርስባት ከኔኮክሊ ወይም ከቱርቦ ተነሥቶ የኡራባን ባሕረ ሰላጤ በሞተር ጀልባ አቋርጦ ነው። የጉዞ ጸሐፊዎችና አስጎብኚዎች ይህን የባሕር ዳርቻ «ሰው ያልደረሰበት ገነት» እያሉ ይሸጡታል። ሐሰት ነው፤ በዚያ ላይ በደል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ ፓናማ ገብቷል። ብዙዎቹ ወደ ጫካው የገቡት ይህንኑ ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው፣ በአካንዲ ከተማና በካፑርጋና በኩል ነው። የሚበዙት ቬኔዝዌላውያን ቢሆኑም የእኛም ልጆች አሉበት። በአውሮፕላን ደቡብ አሜሪካ ገብተው ወደ ሰሜን ያቀኑ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህን መንገድ ለዓመታት ተጉዘውበታል። አሜሪካ ባለ የሐበሻ ቤት ዳሪየን ሲባል ስንቱ ወንድሙን፣ እህቱን ያስባል።

ኔኮክሊ ላይ ጎብኚውም ስደተኛውም ሻንጣውን ውኃ እንዳይነካበት በትልቅ ፌስታል ይጠቀልል ነበር። ለስደተኛው ቦት ጫማና ድንኳን የሚሸጥለት ነጋዴም እዚያው ነበር። የሚለያዩት ማዶ ሲደርሱ ነበር። ጎብኚው ሳፕዙሮ የምትባል መንደር ድረስ ሄዶ፣ ኮረብታውን በደረጃ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ባለው ኬላ መታወቂያውን አሳይቶ ላ ሚየል ወደተባለችው የፓናማ መንደር ይወርዳል። ዋኝቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ስደተኛው በዚያ ደረጃ አያልፍም ነበር። አካባቢውን ለሚቆጣጠረው ክላን ዴል ጎልፎ ለተባለ የታጠቀ ቡድን ጭምር የሚደርስ ገንዘብ ከፍሎ፣ ደላላ እየመራው ለቀናት ጭቃና ወንዝ ውስጥ ይዳክር ነበር። እዚያ የተዘረፈው፣ የተደፈረችው፣ ጎርፍ ወስዶት ሬሳው እንኳ ያልተገኘው ብዙ ነው።

«ይህን ካወራን እንግዳ ይቀራል፣ መንደርተኛው ይራባል» የሚሉ አሉ። መንደርተኛው በእንግዳ እንደሚኖር እውነት ነው፤ ሥጋቱን አላቃልልም። ግን ዝምታው መጀመሪያ የሚሰርዘው መንደርተኛውን ራሱን ነው። በኮሎምቢያ በኩል ያለው ጥቁር ማኅበረሰብ የጋራ መሬት ባለቤትነቱን በሕግ ለማስከበር እስከ 1993 መጠበቅ ነበረበት። በፓናማ በኩል ያሉት ጉና የተባሉ የአገሬው ተወላጆች በ1925 አምፀው ነው ራሳቸውን የማስተዳደር መብት ያገኙት። ዛሬ ጎብኚው የሚደነቅበት ጫካ የቆመው ሰው ስላልነበረበት አይደለም። በአካንዲ ዳርቻ እንቁላል ለመጣል የምትወጣውን ግዙፍ የባሕር ኤሊ ሌሊቱን ሲጠብቁ የሚያድሩ የአገሩ ሰዎች አሉ። ቦታውን ባዶ አድርጎ የሚያስተዋውቅ ሰው፣ ነገ ሆቴል ልሥራ ብሎ ለሚመጣ ባለገንዘብ ባለቤት የሌለው መሬት ነው እያለ ነው።

በ2025 የስደተኛው ቁጥር እጅግ ወርዷል፤ አሜሪካ መግባት ያልቻሉ ሰዎችም በጀልባ ወደ ደቡብ መመለስ ጀምረዋል። አሁን ሁሉንም ረስቶ ስለ ባሕሩ ቀለም ብቻ መጻፍ ይቀላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ለዕረፍት ወደዚያ የሚሄድ ወገኔ ግን ማረፊያውን ከነዋሪው ይከራይ፣ መንገድ መሪውንም ከመንደሩ ይያዝ። የዋና ፎቶውን ለጓደኞቹ ሲያሳይ፣ በዚያው ዳርቻ አልፈው ጫካ ውስጥ ስለቀሩትም ይንገራቸው።