መሪው ይቅለል፣ ብየዳው ግን በግምት አይሁን

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ያገለግሉናል። ስለዚህ ፓወር ስቲሪንግ ለሌለው አሮጌ ስታርሌት ኤሌክትሪኩን መግጠም ተገቢ ነው እላለሁ። ደካማ ክንድ ያለውም ሰው ይንዳ እንጂ!

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሱዙኪ ሰርቮ በምትባል ትንሽ መኪና ላይ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቪትዝም አለው። በመሪው ዘንግ ላይ ያለ መለኪያ የእጃችንን ግፊት ያነባል፣ ኮምፒዩተሩ ያዛል፣ ትንሽ ሞተር ያግዛል። የዘይት ፓምፕ አያሻውም። ከተበተነ ቪትዝ አውጥቶ መግጠምም ይቻላል።

ታዲያ «ዝም ብለን እንበይደው» የሚለውን እቃወማለሁ። አንደኛ፣ ፍሬን እምቢ ቢል የእጅ ፍሬን አለ፤ የመሪ ዘንግ ቢበጠስ ግን ምትክ የለውም። ሁለተኛ፣ ሞተሩ መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ብዙ አምፔር ስለሚስብ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና ጤነኛ ዲናሞ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ የመኪናውን ፍጥነት ካላወቀ እገዛውን በልኩ አይቀንስም፤ በፍጥነት ሲነዳ መሪው ከመጠን በላይ ሊቀልል ይችላል። ከጋምቤላ ወደ ትየርኪዲ ሰው ጭኖ ለሚመጣ ሾፌር ይህ ቀልድ አይደለም።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ ከምናስተምራቸው ልጆች መካኒክ የሚሆኑ አሉ። የመጠምዘዝ ኃይልንና አምፔርን ለፈተና ብቻ ካስተማርናቸው፣ ጋራዥ ሲገቡ በግምት ይበይዳሉ። ትምህርታችን ከጥቁር ሰሌዳው አልፎ እስከ ጋራዡ ይድረስ።