በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣው ድንጋይ

የዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያን የማያውቅ ሐበሻ በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዶቻችን ታክሲ ይዘን ተራ ስንጠብቅ ያነጋንበት፣ ሌሎቻችን በጽዳት፣ በመኪና ማቆሚያና በሻንጣ ጭነት የሠራንበት፣ የቀረነውም ዘመድ ለመቀበል ዓይናችን እስኪፈዝ በር በሩን ያየንበት ቦታ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እኔም የአንድ ወዳጄን አጎት ለመቀበል ሄጄ ነበር። ሰላምታውና መሳሳሙ አልቆ ሻንጣውን ወደ መኪናው ልናነሳ ብንል አልነሳ አለን።

«ጋሼ፣ ምን ጭነው ነው የመጡት?» አላቸው ወዳጄ።

በርበሬና ሽሮ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ሻንጣውን እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ ከፈቱና በጋቢ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጡ። «ይህ የልጁ ነው» አሉ። የወዳጄ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው፤ ስለ ዳይኖሰር ካወራ አያቆምም፤ በስልክም ለአጎቱ ሌላ ወሬ የለውም። ጋሼ ሙገር አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አንድ እረኛ ከገደሉ ሥር ያገኘውን ይህን ድንጋይ አሳያቸው። ከመሐሉ አጥንት የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። «የልጁ አውሬ ይሆናል» ብለው ይዘውት መጡ።

ልጁ ገና እንደተቀበላቸው ድንጋዩን በምላሱ ነካ አደረገው። «ይጣበቃል! አጥንት ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ የቆየ አጥንት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ምላስ ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ባለሙያዎችም አንዳንዴ ይሞክሩታል። እኔ በምላስ ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን ልጁ ልክ ከሆነ፣ ያ ድንጋይ ከሙገር መነሣት አልነበረበትም ባይ ነኝ።

ሙገርን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሲሚንቶው ነው። የአባይ ሸለቆና የሙገር ገደል ግን ሌላም ነገር አላቸው። እዚያ ካለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርሶችና የሌሎች ጥንታዊ እንስሳት ቅሪቶች አግኝተዋል፤ ጥናቱም በ1999 (በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከአንዱ በቀር ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ታትሟል። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከዴንቨር በስተምዕራብ በሞሪሰን መንደር ያለው ዝነኛ የዳይኖሰር ድንጋይም የዚያው ዘመን ነው። ስለ ድንቅነሽ ስንናገር ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች ስለዚህኛው ቃል አለመተንፈሳችን ይገርመኛል።

ስለ ሞሪሰን ትንሽ ላውራ። በ1877 አርተር ሌክስ የሚባል መምህር እዚያ ኮረብታ ላይ ትልልቅ አጥንቶች አገኘና በየል ዩኒቨርሲቲ ለነበረው ለፕሮፌሰር ማርሽ ጻፈ። መልሱ ቢዘገይበት ለማርሽ ተቀናቃኝ ለኮፕም ላከ። ማርሽ ነገሩን በምስጢር እንዲይዝለት ጠይቆ 100 ዶላር ላከለት። ዛሬ የኮሎራዶ መለያ የሆነው ስቴጎሳውረስ መጀመሪያ የታወቀው ከዚያ በወጣ አጥንት ሲሆን፣ አጥንቱ ግን የሚገኘው በየል ነው። የኮሎራዶ ሰዎችም እንደኛው ንብረታቸው ሩቅ አገር ሄዶባቸዋል ማለት ነው! ልዩነቱ ሌክስ የዕለት ማስታወሻ መያዙ፣ ቦታውንም መሳሉ ነው። አጥንቱ የወጣበት ጉድጓድ እስከ ዛሬ ይታወቃል።

የጋሼ ድንጋይ ግን ከየትኛው ንብርብር ወጣ? ከገደሉ አናት ተንከባሎ ነው ወይስ ከሥሩ? ከአጠገቡ ሌላ አጥንት ነበረ? እሳቸውም አያውቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የሚባለው አጥንቷን አይተው አይደለም፤ በሐዳር ከበላይና ከበታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው። በ1974 አንድ ሰው አንሥቶ ሻንጣው ውስጥ ከትቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስም የሌላት የአጥንት ስብርባሪ ነበረች። በ2007 ወደ ሂዩስተን ስትመጣ ተገቢ ነው አይደለም ብለን በየምግብ ቤቱ ስንከራከር ነበር። እሷ ግን በመንግሥት ስምምነት መጥታ በ2013 ተመልሳለች። በጋቢ የተጠቀለለውን ማን ያስመልሰዋል?

ወዳጄ ይህን ስለው ተቆጣ። «እዚሁ ኮሎራዶ የሚሸጡት እነሱ አይደሉም?» አለኝ። አልተሳሳተም። በሞፋት ካውንቲ በ2022 በግል መሬት ላይ የተገኘ ስቴጎሳውረስ በ2024 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ 44.6 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። በዚህ አገር ሕግ በግል መሬት ላይ የተገኘ አጥንት የባለመሬቱ ነው። የፌዴራል መሬት ሲሆን ግን በ2009 በወጣው ሕግ የዳይኖሰር አጥንት ያለ ፈቃድ ማንሣት ያስቀጣል። በአገራችን ከመሬት የወጣ እንዲህ ያለ ነገር የግል ንብረት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እኔ የአገሬን ሕግ እመርጣለሁ። ገበያ ቢከፈት የሙገር ገደል በአንድ ክረምት ይራቆታል፤ ገንዘቡም ለእረኛው ሳይሆን ለደላላው ነው የሚደርሰው። እርግጥ እረኛው ባዶ እጁን መቅረቱም ፍትሕ አይደለም። ላገኘ ሰው ሽልማት፣ ቢያንስ ስሙ በመዝገብ እንዲሰፍርለት አጥብቀን ልንጠይቅ ይገባል።

ዝም ብለን «ማን ያውቅብናል» እንዳንል ደግሞ የሞንጎሊያን እንይ። ከዚያ በስርቆት የወጣ አንድ ታርቦሳውረስ በጉምሩክ ወረቀት መነሻው ብሪታንያ ነው ተብሎ አሜሪካ ገባ። በ2012 ኒውዮርክ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በጨረታ ሲወጣ የሞንጎሊያ መንግሥት ተሟገተ፤ በ2013 አገሩ ገባ፤ ነጋዴውም ታሰረ። ጋሼ ነጋዴ አይደሉም፤ ጉምሩክ ግን ልብ አያይም።

ለልጁስ ምን ቀረለት? ብዙ ነገር። አየር ማረፊያው ያለበት ሜዳ ራሱ የዴንቨር ተፋሰስ ነው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ቶርንተን በ2017 ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ጣቢያ መሠረት ሲቆፈር ሠራተኞች አጥንት አይተው ሥራውን አቆሙ፤ ሙዚየሙ ተጠርቶ ቶሮሳውረስ የሚባል ባለ ቀንድ ዳይኖሰር ወጣ። በ2025 መጀመሪያም የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም የገዛ መኪና ማቆሚያውን ሲቆፍር 763 ጫማ ወርዶ አጥንት አገኘ። በግንባታ የምትሠሩ ወንድሞች፣ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትነቅንቁት። ቁልፋችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ አለቃችሁን ጥሩ፤ ለሙዚየሙ ደውሉ። ልጆች ያሏችሁም አንድ ቅዳሜ ወደ ሞሪሰን ውሰዷቸው፤ በ1937 መንገድ ሲሠራ የተገለጠው የዳይኖሰር ዱካ ኮረብታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጋሼ በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ። ድንጋዩን አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሊወስዱት ተስማምተዋል፤ «ቦሌ ላይ ቢይዙኝ ምን ልበል?» የሚለው ግን አሁንም ያሳስባቸዋል፤ «እውነቱን» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘንላቸውም። ልጁ ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር። ከዚያ ድንጋዩን በየጎኑ ፎቶ አነሣ፤ ጋሼ የነገሩትን የገደሉን መንገድ በወረቀት ሳለ፤ ከላይም ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ።

«ቆይ» አሉት ጋሼ፤ «መጀመሪያ የእረኛውን ጻፍ።»