ሰምና ወርቅ እንጂ ቅይጥ አይሁን

የባሮክ ሙዚቃና የዘመኑ ድርሰት በታሪካዊ ፊልም ውስጥ

ታሪካዊ ፊልም የሚሠራ ሰው ለዓይን የሚያቀርበውን ከዘመኑ ቅርስ ፈልጎ ያገኛል። ልብሱን ከሥዕል፣ ሕንፃውን ከፍርስራሽ፣ ጠመንጃውን ከሙዚየም ይቀዳል። ለጆሮ የሚያቀርበው ላይ ሲደርስ ግን ይቸገራል። የጥንቱ ሙዚቃ በጥንቱ አድማጭ ልብ ውስጥ የሠራውን ሥራ በዛሬው አድማጭ ልብ ውስጥ ይሠራልን? ካልሠራስ የዛሬው ደራሲ ምን ይጨምርበት? ከ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ እስከ 18ኛው አጋማሽ በአውሮፓ የተደረሰውን፣ ባሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ከዘመናዊ የፊልም ድርሰት ጋር ማዋሐድ ልማድ ሆኗል። ስለዚህም ጥያቄው የጥቂት ባለሙያዎች የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ፣ ታሪክን ለሕዝብ የሚያቀርብ የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ሆኗል።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ወገኖች ተፋጠዋል። አንደኛው፣ «የ18ኛው መቶ ዓመት ታሪክ በ18ኛው መቶ ዓመት ሙዚቃ ብቻ ይነገር፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ሐሰት ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ «ተመልካች የሚሻው ስሜት ነው፤ የጥንቱ ዜማ ቅመም ይሁንና ወጡን ዘመናዊው ኦርኬስትራ ይሥራው» ይላል። የፊተኛው ታሪክን በመስተዋት ሣጥን ይቆልፋል፤ የኋለኛው ቸርችሮ ይሸጣል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ይቃወማል። መቀላቀል በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተቀላቀለው ነገር ያልተቀላቀለ መስሎ መቅረቡ ነው። የቅኔ ቤት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። በሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም በአንድ ኅብረ ቃል ይገናኛል፤ ነገር ግን ሰሙ ሰም፣ ወርቁም ወርቅ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ሰሚውም ሁለቱን ለይቶ ሲያገኝ ይረካል። መዳብ ከወርቅ አቅልጦ «ጥሩ ወርቅ ነው» እያለ የሚሸጥ አንጥረኛ ግን ባለቅኔ ሳይሆን አታላይ ነው።

መጀመሪያ ከንጽሕና ጠባቂዎቹ ጋር እንነጋገር። ለመሆኑ የሚጠብቁት ንጽሕና በዘመኑ ነበረን? የባሮክ ደራሲ የባሱን መስመር ጽፎ ቁጥሮችን ያኖርበት ነበር እንጂ ሁሉንም ድምፅ አልጻፈም፤ የቀረውን ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው በዕለቱ ከራሱ አፍልቆ የሚሞላው የሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ ነበር። ባኽ የቪቫልዲን የአራት ቫዮሊን ኮንቸርቶ ወስዶ ለአራት ሃርፕሲኮርድ አድርጎ አዘጋጅቶታል። ሙዚቃው ራሱ በእጅ የሚነካ፣ የሚቀየርና የሚታደስ ሕያው ነገር ነበር። እርግጥ ነው፣ ስትሮብና ዊዬ በ1968 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሠሩት «የአና ማግዳሌና ባኽ ዜና መዋዕል» ውስጥ ጉስታፍ ሌዎንሃርት ባኽን ሆኖ በጥንቱ መሣሪያ እዚያው በካሜራው ፊት ሲጫወት፣ ከዚያ በላይ ምንም ጭማሪ አላስፈለገም። የፊልሙ ጉዳይ ግን ሙዚቃ የመሥራት ድካም ራሱ ነው። ጉዳዩ ሌላ የሆነበት ፊልም ሁሉ የዚህን መንገድ ይከተል ማለት ኪነ ጥበብን በአንድ ቁመት ልብስ መስፋት ነው።

ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ በ1938 ለአይዘንሽታይን «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ሙዚቃ ሲደርስ የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። ታሪኩ የ1242 ጦርነት ነው። የዘመኑን የካቶሊክ ዜማ እንዳለ ማስገባት ይችል ነበር፤ ሆኖም ያ ዜማ ከዛሬው ሰው ስሜት እጅግ የራቀ በመሆኑ የወራሪውን አስፈሪነት ሊነግር አይችልም ብሎ በራሱ ድርሰት ተካው። ማንንም አላታለለም። አድማጩ የሚሰማው የ20ኛው መቶ ዓመት ደራሲ በ13ኛው መቶ ዓመት ላይ የሰጠውን ፍርድ መሆኑን ያውቃል።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ያቀረበው «ባሪ ሊንደን» ደግሞ ለንጽሕና ጠባቂዎቹ የባሰ ራስ ምታት ነው። ይህ ሰው የሻማ ብርሃን እውነተኛ የሻማ ብርሃን እንዲሆን ሲል ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት የተሠራ የዛይስ ሌንስ በካሜራው ላይ የገጠመ ነው። ሙዚቃው ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነ። የፊልሙ ታሪክ የሚያበቃው በ1789 በተፈረመ ወረቀት ሲሆን፣ የባሪና የሌዲ ሊንደን ፍቅር የሚጀመርበት የሹበርት ትሪዮ የተደረሰው በ1827 ነው፤ ሹበርት በ1789 ገና አልተወለደም። በሌላ በኩል የሄንደል ሳራባንድ፣ በ1733 ለሃርፕሲኮርድ ታትሞ የወጣው፣ በሌናርድ ሮዘንማን እጅ ለአውታር መሣሪያዎችና ለቲምፓኒ ተዘጋጅቶ በመጨረሻው የሽጉጥ ግጥሚያ ላይ እንደ ዕጣ ፈንታ እርምጃ ይረግጣል። ሳራባንድ ጭፈራ ነበር፤ እዚህ ግን የፍርድ መዶሻ ሆኗል። ሄንደል ተነክቷል፤ ነገር ግን አልተሸሸገም። እንዲያውም በዚያ የክብር ሥርዓት ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ጭካኔ ተገልጦ ይሰማል። ይህ ሰምና ወርቅ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ፤ የሚበረታውም ክርክር ከዚህ ወገን ጋር ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው። በሩ ሲከፈትና አዳራሹ ሲታይ ሃርፕሲኮርዱ ጥቂት ድምፆች ያንቆረቁራል፤ ተመልካቹም «አሃ፣ የጥንት ዘመን ነው» ይላል። ወዲያው ከሥሩ ዘመናዊው የቫዮሊን ጎርፍ ይነሣና መቼ ማዘን፣ መቼ መፍራት እንዳለብን ያዝዘናል። ሃርፕሲኮርዱ ከዚያ በኋላ መጋረጃ ነው፤ የቤት ዕቃ ነው። ዛሬ የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ መሣሪያ የሚጫወቱ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የላ ድምፅን በ415 ሄርዝ ይቃኛሉ፤ ዘመናዊው ኦርኬስትራ ግን በ440 ይቃኛል። ሁለቱ አብረው እንዲጫወቱ ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ቅኝቱን የሚለውጠው ማን ነው? ጥንታዊው ነው። ውሕደት የተባለው ነገር በተግባር ሲታይ የአንዱ ለሌላው መገበር ነው።

የዚህ መንገድ እጅግ የተዋበው ምሳሌ በ1986 በሮላንድ ጆፌ የተሠራው «ዘ ሚሽን» ነው። ኤንዮ ሞሪኮኔ ለኦቦ የደረሰውን ዜማ ሰምቶ ልቡ ያልተነካ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ጸሐፊም ከጥቂቶቹ ወገን አይደለም። ይሁን እንጂ ውበቱ ከጥያቄ አያድነውም። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1750 የማድሪድ ስምምነት ማግሥት፣ በደቡብ አሜሪካ በጓራኒ ሕዝብ ምድር ነው። በዚያ አካባቢ እውነተኛ የባሮክ ሙዚቃ ነበረ። ዶሜኒኮ ዚፖሊ የተባለው ጣሊያናዊ ደራሲ በኮርዶባ ኖሮ በ1726 እዚያው ሞቷል። በቦሊቪያ በቺኪቶስ ቤተ ክርስቲያናት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተገኙት ወረቀቶች በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ናቸው፤ የአገሩ ተወላጆች ሙዚቃውን በእጃቸው ገልብጠው፣ መሣሪያውን በእጃቸው ሠርተው፣ ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላም ጠብቀው አቆይተውታል። ፊልሙን ያየ ሰው ግን የ1750ውን ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፤ የሰማው የ1986ቱን የሮም ደራሲ ነው። በዚህ ምትክ የጠፋው አንድ የዜማ ሰነድ ብቻ አይደለም፤ የገልባጩ እጅ ነው። ሙዚቃን ከነጭ ሰው እጅ በጸጋ የተቀበለ ሕዝብ ይታየናል እንጂ ሙዚቃን የሠራ ሕዝብ አይታየንም።

በቅይጥ ሙዚቃ የሚሸፈነው ሁለተኛው ነገር ሥልጣን ነው። የባሮክ ሙዚቃ ከሰማይ የወረደ ጣፋጭ ጤዛ አልነበረም፤ የአብዛኛው ሒሳብ የተከፈለው በገበሬው ግብር ነው። በ1672 ሉሊ ከሉዊ 14ኛ ባገኘው ፈቃድ ኦፔራን በፈረንሳይ በሞኖፖል ያዘ፤ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚዘምር ኦፔራ አልነበረም። ይህ ሙዚቃ የአዋጅ ወንድም ነበር። በዘመናዊ ሲሮፕ ሲነከር ግን ቤተ መንግሥቱ የተረት ቤት፣ ንጉሡም ደግ አባት ይመስላል።

አላን ኮርኖ በ1991 የሠራው «ጠዋቶች ሁሉ» ይህን እውነት ያለ ዘመናዊ ኦርኬስትራ ጭማሪ አሳይቷል። ሳንት ኮሎምብ ወደ ንጉሡ ዘንድ አልሄድም ብሎ በአትክልቱ ጎጆ ውስጥ ቪዮላ ዳ ጋምባውን ይጫወታል፤ ደቀ መዝሙሩ ማሬ ወደ ቬርሳይ ይሄዳል። የጎጆው ድምፅና የአደባባዩ ድምፅ ተፋጠው ይሰማሉ። ሙዚቃውን የመራው ዦርዲ ሳቫል ነበር፤ ፊልሙ ሰባት የሴዛር ሽልማት ወሰደ፤ ሕዝቡም ጎርፎ አየው። «ተመልካች ያለ ቅመም አይበላም» የሚሉት ነጋዴዎች ለዚህ መልስ የላቸውም።

መቀላቀል ካስፈለገ እንዴት ይቀላቀል? ፒተር ግሪናዌይ በ1982 ያቀረበው «የሠዓሊው ውል» ታሪኩ የ1694 ነው። ማይክል ናይማን የፐርሰልን ተደጋጋሚ የባስ መስመሮች ወስዶ በላያቸው ሳክስፎን አስጮኸባቸው። ሳክስፎን በ1694 አልነበረም፤ የማይሰማ ጆሮም የለም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ግን የባላባቶቹ ስግብግብነት ከጨዋ ንግግራቸው ሥር ሲያላግጥ ይሰማል። በ2018 በዮርጎስ ላንቲሞስ «ዘ ፌቨሪት» ውስጥም የፐርሰል፣ የሄንደልና የቪቫልዲ ዜማ በአንድ ወገን፣ የሉክ ፌራሪ እንደ ሚስማር የሚመታ ዘመናዊ ድምፅ በሌላ ወገን ቆመዋል። የንግሥት አን አዳራሽ ያጌጠም የታመመም መሆኑን የምናውቀው ከሁለቱ መፋጠጥ ነው።

ስፌቱን ማሳየት ብቻውን ግን አይበቃም። ሶፊያ ኮፖላ በ2006 በሠራችው «ማሪ አንትዋኔት» ራሞና ኩፕረን ከ1980 ገደማ የወጣቶች ዘፈን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማታለል የለም። ዘፈኖቹ ንግሥቲቱ ገና ልጅ እንደ ነበረች ይነግሩናል። ነገር ግን ያንን ጭፈራ ማን እንደ ከፈለበት የሚናገር ድምፅ በፊልሙ ውስጥ እንደ ሙዚቃው ጎልቶ አይሰማም። ግልጽነት የሚናገረው ነገር ከሌለው ፋሽን ይሆናል።

«ይህ ሁሉ የአውሮፓ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሉሊ በተወለደበት በ1632 አፄ ፋሲል ዙፋን ላይ ወጡ፤ የባሮክ ዘመን የጎንደርም ዘመን ነው። የቪዮላ ዳ ጋምባ አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ሁሉ የበገናችንም አውታር ከበግ አንጀት ነው። የጎንደርን ዘመን በመድረክ ወይም በፊልም የሚያቀርብ ሰው ይኸው ፈተና ይጠብቀዋል። በገና የጸሎትና የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው። ድምፁ ጥንታዊ ስለ ሆነ ብቻ በግብር አዳራሽ ጭፈራ ላይ ቢያስገቡት፣ ከዚያም በሲንቴሳይዘር ጎርፍ ቢያሰጥሙት፣ ቅርስ ማክበር ሳይሆን ቅርስን ምስክር አድርጎ በሐሰት ማስመስከር ነው።

ስለዚህ ለፊልም ሠሪው፣ ሥራውን ለሚገመግመው የባህል ሠራተኛና ለተማሪው ለሚያስረዳው መምህር ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። የጥንቱ ሙዚቃ በዘመኑ ለማን፣ በምን ሰዓት፣ በማን ገንዘብ ይሰማ ነበር? አዲሱ ድምፅ በእርሱ ላይ ምን ፍርድ ይሰጣል? አድማጩ ሁለቱን መለየት ይችላልን? ለእነዚህ መልስ ያለው ሥራ እንደ ልቡ ይቀላቅል። መልስ የሌለው ግን ዝም ቢል ይሻላል፤ ጸጥታም የራሱ ሙዚቃ አለው፤ ቢያንስ አይዋሽም።